የመቀሴ ክኒኖች

ሁለት የግራ እጅጌ ያለው ኮት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም የገዛ ሚስቴ የቆረጠችውን! ጨርቁን የስፌት መኪናዬ ላይ ዘርግቼ ቀኝ እጅጌውን ብፈልግ ብፈልግ የለም። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ሰውዬ ቀኝ እጅ የለውም እንዴ?» አልኳት እየሳቅሁ። እሷ ደግሞ ተረብ ከተወረወረባት ሳትመልስ የማታድር ሰው ናት። ዝም ስትለኝ ዞር ብዬ አየኋት። ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ ተኝታለች። መቀሱ አፉን እንደከፈተ ጭኗ ላይ ነው።

ለማያውቃት ልንገር። የሰፈሩ ሰው መቀሴ ነው የሚላት። ለእጇ ይሁን ለምላሷ ጠይቄ አላውቅም፤ ሁለቱም ይቆርጣሉ። የቤታችን የፊተኛው ክፍል ልብስ ስፌት ቤት ነው። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ሜትር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ለወጉ ነው እንጂ ሰው ከበሩ ሲገባ ከላይ እስከ ታች አንዴ ገርመም ታደርገውና ልኩን ትይዛለች። «አንተ ትከሻህ በግራ በኩል ወርዷል፤ ገበር እንጨምርበታለን» ትላለች፣ ሰውየው ገና እግዜር ይስጥልኝ ሳይል። አንዱን ቦርጫም ደንበኛችንን «ለሱሪ ብለህ ያመጣኸው ይሄንን ጨርቅ ነው? መሀረብ ልስፋልህ እንዴ?» ብላው ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ሰውየው ተቀይሞ የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ወንድሙን ይዞ መጣ። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ ከሁለት ግራ እጅጌ ጋር ቁጭ ብላ የምታንኮራፋው።

ነገሩ የጀመረው በማሳከክ ነው። የተማሪ ቤት የደንብ ልብስ ሥራ ይዘን ነበር፤ ጨርቁ ቀለሙ የሚለቅ ርካሽ ነገር ነው። ክንዷና አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጣባት። ስታክ አድራ ስታክ ትውላለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ ትንንሽ ነጭ ክኒን ሰጧት፤ ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ተሻላት። ተሻለኝ ብላ ግን አልተወችም፤ ባለቀ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ትገዛለች፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቃትም። ቀጥሎ የጨርቁ ብናኝ አፍንጫዋን ሲያፈሰው ልጃችን ቢጫ የጉንፋን ክኒን አመጣችላት። ቀጥሎ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ስትል እህቷ «እኔ የምወስደው አለ፣ ምንም አይልሽም» ብላ ሰማያዊ ሰጠቻት። ሁሉም ለእሷ አስበው ነው። ማንንም አልረግምም፤ ምን ቁርጥ አድርጎኝ።

አሁን የኛን ቤት ጉድ ስሙ። መቀሴ ዕቃ በካርቶን ማስቀመጥ አትወድም። ወረቀት ቦታ ይይዛል፣ ብናኝ ይሰበስባል፣ አቃጥሉት ነው የምትለው። ቁልፎቿን በሙሉ በመስታወት ብልቃጥ ነው የምትለያቸው፤ የሸሚዙ በሸሚዝ፣ የኮቱ በኮት፣ ነጩ በነጭ፣ ቡናማው በቡናማ። ክኒኖቹም እንደገቡ ካርቶናቸው ከነማብራሪያ ወረቀቱ ወደ ቆሻሻ፣ እነሱ ከቁልፎቹ አጠገብ ወደ ብልቃጥ። ነጩ የማሳከክ፣ ቢጫው የጉንፋን፣ ሰማያዊው የእንቅልፍ። «ቀለሙ ከተለየ ሥራውም ይለያል» ትል ነበር። እኔም አዎ አልኩ፣ ልጃችንም አዎ አለች። ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሰው ይሄንን እንዴት ይጠረጥራል? ነጭ ቁልፍ የሸሚዝ ነው፤ አለቀ። ስለዚህ ጠዋት ነጩን፣ ከሰዓት ቢጫውን፣ ስትተኛ ሰማያዊውን ትውጣለች። አንድም ቀን አላጓደለችም፤ በሥራ ጠንቃቃ ናት።

ከዚያ ሴትዮዋ እያየኋት ከእጄ መውጣት ጀመረች። አፌ ደረቀ ትላለች፤ ውኃ ከአጠገቧ አይጠፋም። ሽንት ቤት ገብታ ረጅም ጊዜ ትቀመጥና «እምቢ አለኝ» ብላ ትመለሳለች። ስትራመድ ግድግዳ ትደግፋለች። አንድ ቀን ኮት የምንሰቅልበትን የእንጨት አሻንጉሊት «ግባ እንጂ፣ ምን ደጅ ያስቆምሃል?» ስትለው ሰማኋት። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም።

«አባዬ፣ እማዬ አርጅታለች» አለችኝ ልጃችን። ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ነገር ቶሎ ትቋጫለች። «መቀሱን ከእጇ እንውሰድ። ሱቁን ዝጉና እኔ ጋ ኑ።»

ደሜ ፈላ። «ያረጀው ጭንቅላትሽ ነው!» አልኳት። «እናትሽ ዓይኗን ጨፍና የምትቆርጠውን አንቺ በኮምፒዩተርሽም አትቆርጪውም!» ልጅቷ አልቅሳ ሄደች። እኔ ግን ከእሷ በላይ ፈርቼ ነበር የጮህኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእንቅልፌ ስነቃም፣ ክር መርፌ ውስጥ ሳስገባም፣ ዳቦ ስቆርስም የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሚስቴ ትመለስልኛለች ወይስ አትመለስም?

በመጨረሻ ወደቀች። ከጓዳ ወደ ሱቁ የምታስወጣዋ ደፍ ላይ ተደናቅፋ በጎኗ ተዘረረች። አጥንቷ ተረፈ፤ ግማሽ ፊቷ ግን በለዘ። ልጃችን ከነኩርፊያዋ መኪና ይዛ መጣችና ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ቢሆንም ይሰማል። የምትወስደውን መድኃኒት አምጡ ሲል እኔ ብልቃጦቹን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

«ካርቶናቸውስ?»

«ካርቶን እኛ ቤት አይቀመጥም» አልኩ። ስናገረው ነው ያሳፈረኝ።

ልጃችን ሮጣ ከመድኃኒት ቤት አንዳንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ሐኪሙ አንድ በአንድ አነበበና ሦስቱን ብልቃጥ አንድ ላይ ገፋቸው። «አባባ፣ እነዚህ ሦስት ዓይነት አይደሉም» አለኝ። «ነጩ የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ የድሮው ዓይነት፣ የሚያስተኛው። ቢጫው የጉንፋን ተብሎ ይሸጥ እንጂ ውስጡ ከሌላ ነገር ጋር ያው ነጩ አለበት። ሰማያዊውም የእነሱው ወገን ነው፤ ሰውን ስለሚያፈዝ ለእንቅልፍ ይሸጡታል። በስማቸው አይሂዱ፤ ካርቶኑ ላይ ውስጡ ያለው ምንድን ነው የሚለውን ነው ማየት። እማማ በቀን ሦስቴ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚወስዱት።»

«አለርጂ እንጂ መርዝ አላልከኝም!»

«መርዝ አይደለም። ለወጣት ሰው፣ ለአጭር ጊዜ፣ በልኩ ከሆነ ብዙ አይጎዳም፤ እሱም ቢሆን ወስዶት መኪና መንዳት፣ ስለት መያዝ፣ መጠጥ መጠጣት የለበትም። በእማማ ዕድሜ ግን አንዱም ይበዛባቸዋል። አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሰው ይጥላል፣ አእምሮ ይበትናል። የሚያሳክካቸው ከሆነ የማያስተኛ አዲስ ዓይነት አለ፤ እሱን ብቻ፣ በቀን አንድ። ሌላውን በሙሉ ያቁሙ።»

ምን ልበላችሁ፣ ተነስቼ ልስመው ነበር! ሰው ሚስትህ አብዳለች ሲባል ያለቅሳል፤ እኔ ሚስትህን ክኒን ነው ያሰከራት ስባል በደስታ አለቀስኩ። ልጃችንን «አየሽ! እርጅና አይደለም አላልኩሽም?» አልኳት። እሷም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። «አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ» አለኝ። «ክኒኑ ሁሉንም ነገር ላያመጣው ይችላል። ከሥሩ ሌላ ነገር ካለ የሚታየን ይሄ ሲጠራ ነው። በኋላ መልሰው ያምጧቸው።» እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ደስታዬን የሚነካብኝ ሰው በዚያን ሰዓት አባቴም ቢሆን አልሰማውም ነበር።

ብልቃጦቹን አጥቤ ቁልፍ ሞላኋቸው። አዲሷን ክኒን ከነካርቶኗ መደርደሪያ ላይ አቆምኳትና ማንም እንዳይነካት አልኩ። መቀሴ መጀመሪያ ላይ ተነጫነጨች፤ እንቅልፍም አጣች። ቀን በቀን ግን ጭጋጉ ሲነሳላት አየሁ። ሽንቷ ለቀቃት። ውኃ ውኃ ማለቱን ተወች። ግድግዳ መደገፏ ቀረ። አንድ ጠዋት ሸሚዝ እየዘመዘምኩ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ይሄ ስፌት ነው ወይስ የሰከረ ሰው መንገድ?» አለችኝ።

እሰይ! መኪናውን ለቅቄ ተነስቼ አቀፍኳት። «አይ አንተ ሰውዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ያየናል» እያለች ገፋችኝ። ለሚሄደው ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «ተመልሳለች!» አልኩ። አብረውኝ ደስ አላቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ሰሞን የበለጠ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እዚያ ላይ ቢቆምልኝ ምናለ! ወይ ነዶ!

አንድ የድሮ ደንበኛችን ለልጁ ምረቃ ኮት አዘዘ። መቀሴ በሩ ላይ ገርመም አድርጋው፣ ሆድ ጨምረሃል ብላ ተርባው፣ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጠመኔ ያዘች። እኔ አንገትጌ እየተኮስኩ ነው። መቀሱ ጨርቅ ሲበላ የሚያሰማው ድምፅ ይመጣል ብዬ ብጠብቅ አልመጣም። ቀና ስል ጠመኔውን ይዛ ጨርቁ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆማለች። እንቅልፍ የለባትም። አፏ አልደረቀም። ዓይኗ ጥርት ያለ ነው፤ ያንን ዓይን አውቀዋለሁ።

«ከየት ነበር የሚጀመረው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ኮት። ኮት ከየት ነው የምጀምረው?»

ቀልድ ነው ብዬ ላልፈው አማረኝ። «ደክሞሽ ነው፤ ተይው ነገ ትቆርጪዋለሽ» አልኳት። እሷ ግን ጠመኔውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። «አልደከመኝም» አለች። «አላውቀውም። ጠፋኝ።»

ነገ አልሆነም። ከነገ ወዲያም አልሆነም። የደንበኛውን ጀርባ ታያለች፣ ትተርበዋለች፣ ከዚያ ጨርቁ ፊት ስትቆም ይጠፋታል። የእህቷን ልጅ በሌላ ሰው ስም ጠራችው። ምድጃ ላይ የጣደችውን ረስታ ድስት አሳረረች። እኔ ግን እህህ እያልኩ ልቤን አታለልኩት፤ ክኒኑ ከደሟ ገና አልወጣ ይሆናል አልኩ። አንድ የተረፈ ክኒን የሆነ ቦታ ደብቃ እየወሰደች ይሆናል ብዬ ቀሚሶቿን ሁሉ ፈተሽኩ፣ የፍራሹን ስፌት ፈትቼ አየሁ። እናንተዬ፣ ባገኘው ደስታዬ ነበር! የለም። ምንም የለም።

ሆስፒታል ተመለስን። ሐኪሙ ቃላት ነገራትና ቆየት ብሎ ጠየቃት። ሰዓት ይሳሉልኝ አላት። ጭንቅላቷንም በመሣሪያ አነሷት። ውጤቱን የነገረን ከእሷ ሳይደብቅ ነው፤ እሷው ናት «እኔ ፊት ተናገር፣ የራሴ ጭንቅላት ነው» ያለችው።

«ክኒኑ አባብሶባቸው ነበር» አለ። «ማቆማችሁ ልክ ነው፤ ያ ባይሆን ወድቀው አጥንታቸው ይሰበር ነበር። ከሥሩ ግን የመርሳት በሽታ አለ። እሱ የሚድን አይደለም። እየገፋ ነው የሚሄደው።»

«ምን ያህል ይቆያል?» አለች መቀሴ።

«ከሰው ሰው ይለያያል።»

«እኔ እንኳን ለሰው እንደዚህ ብዬ ቀጠሮ ሰጥቼ አላውቅም» አለችው። ሐኪሙ ፈገግ ሊል ሞክሮ አቃተው። ልጃችን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ወንበሩን ይዤ ነው የቀረሁት።

ቤት ከገባን በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አርፋ ሳለ ከፊቴ መጥታ ተቀመጠች። እጄን ያዘችኝ።

«አንድ ነገር ልለምንህ፤ እምቢ እንዳትለኝ።»

«ምን ቸግሮኝ እምቢ እላለሁ?»

«እነዚያን ክኒኖች መልስልኝ።»

የሰማሁትን አላመንኩም። «የምን ክኒን? እነሱ አይደሉም እንዴ ያሳበዱሽ?»

«ያኔ አላውቅም ነበራ!» አለች። «ስተኛም፣ ስወድቅም፣ ስቀባዥርም አላውቅም ነበር። ተመችቶኝ ነበር። አሁን ግን አውቃለሁ። ቁጭ ብዬ ራሴን ሲወስዱብኝ አያለሁ። ዛሬ ኮቱ ሄደ፤ ነገ የልጄ ፊት ይሄዳል፤ ከዚያ አንተ። ፈራሁ እኮ! ሙት፣ ፈራሁ። ነጩንም ቢሆን ስጠኝ።»

ከተጋባን ጀምሮ የጠየቀችኝን ነገር ተጨቃጭቄ ነው እንጂ ከልክዬ አላውቅም። «አይሆንም» አልኳት። «ትወድቂብኛለሽ። ሽንትሽ ይያዛል። የቀረሽንም ይወስድብሻል።»

«የቀረኝን ምን ላደርገው?»

«ለኔ ይሁን» አልኳት። ክፉ ነህ አለችኝ፤ ራስህን ብቻ ነው የምትወደው አለችኝ። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትለምነኛለች። እምቢ ማለቴን ትረሳዋለች፤ ፍርሃቱን ግን አትረሳውም። ከምሳ በኋላ መጥታ እጄን ትይዝና ያንኑ ትላለች፤ ለእሷ ሁልጊዜ አዲስ ነው። እኔም እንደ አዲስ አይሆንም እላለሁ፣ እንደ አዲስ ክፉ እባላለሁ። አንድ ቀን ልጃችን አላስችል ብሏት «አባዬ፣ ግማሽ እንኳን ብትሰጣት?» አለችኝ ሹክ ብላ። «እናትሽን ከመሬት የምለቅማት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩባት። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኋት። መድኃኒት ቤቱ ማዶ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ሁለት ሦስቴ መንገዱን ተሻግሬ ደጁ ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ።

ሥራውን እኔው መቁረጥ ጀመርኩ። አቆራረጤ አያምርም፤ ደንበኞቹ ያውቃሉ፣ ዝም ይሉኛል። እየመነመኑም ሄዱ።

ትናንት ምሳ በላን። ዕቃውን አነሳሁና መኪናዬ ላይ ቁጭ አልኩ። መልሴን እንደ ወትሮው አዘጋጅቻለሁ። መቀሴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ከቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ ትለቅማለች፣ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ጠበቅሁ። አንድ ሙሉ አንገትጌ ሰፋሁ። እጄን አልያዘችም። ትረሳው ይሆን እያልኩ ስመኝ የከረምኩት ሰውዬ፣ ዝምታዋን መቻል አቃተኝና እኔው ጀመርኩት።

«ዛሬ ክኒኑን አትለምኚኝም?»

«የምን ክኒን?»

«ያ እንዳታውቂ የሚያደርግሽ።»

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «ምን ነካህ? ምን ሆኜ ነው ክኒን የምውጠው? ደህና ነኝ እኮ!»

ፊቷን አየሁት። ፍርሃቱ የለም። ደብቃው እንደሆነ ብዬ ዓይኗ ውስጥ ፈለግሁት፤ የለም፣ ሄዷል። ከእሱ ጋር የሄደውን ሁሉ ያየሁት ያኔ ነው። በየቀኑ የምትሰድበኝ፣ እጄን ይዛ የምታለቅሰው ሴት ሚስቴ ነበረች። እሷን እምቢ ስል ከርሜ፣ አሁን እምቢ የምለው ሰው አጣሁ።

«እውነትሽን ነው» አልኳት። «ምንም አልሆንሽም።»

ወደ ጓዳ ገባሁና አፌን በእጄ አፍኜ አለቀስኩ። ሳግ አምልጦኝ ሰማችኝ መሰለኝ፣ ከሱቁ ተጣራች። «ምን ሆነሃል?» አለች፤ ድምፅዋ ደስተኛ ነው። ምን እንደሆንኩ ዕድሜዬን ሙሉ የምነግረው ለእሷ ብቻ ነበር።